በቁመቱ ልክ

እትዬ ወለተማርያም ጋለሪው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት ሥዕል ሊያዩ አይደለም፤ ብርድ ነው ያስገባቸው። እዚህ ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ ይውሉና ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ዌስተን ላይ አውቶቡስ ይቀይራሉ። ፌርማታው ከጋለሪው በር ፊት ለፊት ነው። የጥር ብርድ ደግሞ እንኳን ሰው ድንጋይ ያስለቅሳል። አንድ ቀን አውቶቡሱ ቀርቶባቸው በመስታወቱ አሻግረው ቢያዩ መብራት አለ፣ ወንበር አለ፣ ሰው የለም። ገብተው ተቀመጡ። የሚያስወጣቸው ሰው ሲጠብቁ፣ አንዲት ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ፈረንጅ ሻይ ይዛላቸው መጣች።

ይቺ ሴት ጁዲ ናት። ቤቱ የሕዝብ ጋለሪ ነው፤ በከተማው ገንዘብ ይተዳደራል፣ መግቢያውም በነፃ ነው። በነፃም ሆኖ ግን የሚገባበት አልነበረም። ጃማይካው፣ ሶማሌው፣ ቬትናሙ፣ እኛ ሐበሾችም፣ የባለጠጋ ቤት እየመሰለን በበሩ አንገታችንን ደፍተን ነበር የምናልፈው። ጁዲን የቀጠሯት "የሰፈሩን ሰው አስገቢልን" ብለው ነው። እንዴት አድርጋ እንደምታስገባው ግን የነገራት የለም። ምስኪን በባዶ አዳራሽ ስትንጎራደድ ከርማ እትዬ ወለተማርያም ሲገቡላት ሎተሪ የወጣላት መሰላት።

እኔ ዓለሙ እባላለሁ። መሀል ከተማ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ከመኪና መስኮት ጋር ስነጋገር ስለምውል፣ ማታ ያገኘሁትን ሰው ይዤ አልለቅም። ወሬ የማላሳድር ሰው መሆኔን አገር ያውቀዋል፤ እኔም አልክደውም። ከእትዬ ወለተማርያም ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነን። ጁዲና እሳቸው በእጅ ምልክት መግባባት ሲያቅታቸው እየጎተቱ ወስደው አስተርጓሚ አደረጉኝ።

እትዬ ወለተማርያም ሰው መጎተት ያውቁበታል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይቆሙና "ኑ እንጂ! በነፃ ነው፣ ይሞቃል፣ ሽንት ቤቱም እንደ መስታወት ነው" ይላሉ። ስለ ሥዕል ትንፍሽ አይሉም። መጀመሪያ የዌስተን ሴቶች ሄዱ። ቀጥሎ ከጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ልጆቻቸውን አስከትለው የሚመጡት ጀመሩ። መግቢያው ላይ የመዋጮ ሳጥን ነበር፤ አሮጊቶቹ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ተሳልመው ሳንቲም ሲጨምሩበት ዘበኛው ግራ ገባው። ልጆቹ "ማሚ፣ ስቶፕ! ኢትስ ኖት ቸርች!" እያሉ በሃፍረት መሬት ትዋጠን አሉ።

ጁዲም አልተኛችም። እሑድ ተዘግቶ የሚውለውን በር አስከፈተች። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ቀለምና ወረቀት ዘረጋች። እግራቸው ለሚያማቸው ወንበር በየሥዕሉ ፊት አስቀመጠች፤ ከዚያ በፊት እዚያ ቤት ሥዕል ተቀምጦ ማየት እንደ ነውር ነበር የሚቆጠረው። በየሦስት ወሩ እትዬ ወለተማርያምን "ምን ይጨመር? ምን ይቀነስ?" ብላ ትጠይቃለች። እሳቸውም አይሰስቱላትም። ዓመት ሳይሞላ እሑድ ከሰዓት አዳራሹ የእኛ ሰፈር መሰለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተናግሬ ልገላገል። ይህ ሁሉ ሲሆን የእትዬ ወለተማርያም ልጅ ሞቶ ነበር፤ እሳቸው አያውቁም።

ባላቸውን ሱዳን ቀብረው ነው እዚህ አገር የመጡት። የቀራቸው አንድ ልጅ ነው፣ ተሻገር። ሲሰደዱ ትንሽ ስለነበር መንገዱን አይችልም ብለው አክስቱ ዘንድ ትተውት ወጡ። እሱ አደገ፣ ለውትድርና ታፈሰ፣ ሰሜን ግንባር ሄደ፣ ድምፁ ጠፋ። መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ ሁሉ ሲበተን "አሁን ይመጣል" ብለው ጠበቁ። በፈረንጆቹ ዘጠና ሦስት መጨረሻ ላይ ደረጄ የሚባል ልጅ በኬንያ በኩል ቶሮንቶ ገባ። ደረጄና ተሻገር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ተሻገር የሞተው ደረጄ እጅ ላይ ነው።

ደረጄ ይህን የነገረው ለአቶ ጥሩነህ ነው። አቶ ጥሩነህ የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ ያለ እሳቸው ሰርግም ልቅሶም አይሆንም። ደግ ሰው ናቸው። ነገሩን ያበላሸውም ደግነታቸው ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይም አይነገርም። ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ማልዶ በር አንኳኩቶ፣ ግራና ቀኝ ደግፎ ነው የሚያረዳው። እሳቸውም "ብቻዋን ያለች ሴት ናት፣ ደም ብዛትም አለባት፣ ትንሽ ትጠንክር" አሉ። ከዚያ ገና ደረሰ፤ በበዓል ማን ያረዳል? ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ከፋሲካ በኋላ የአቶ ጥሩነህ ልጅ የቤዚ ሰርግ ሆነ። ከሰርጉ በኋላ እትዬ ወለተማርያም ታመው ሆስፒታል ተኙ። ዛሬ ነገ ሲባል ዓመት አለፈ። ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ "እስከ ዛሬ ለምን ደበቃችሁኝ?" የሚለው ጥያቄ ከመርዶው ይልቅ ከበዳቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛው ግን እያደር ሸተተ።

ለደረጄ "ደህና ነበር፣ ጦሩ ሲበተን ተለያየን በላት" አሉት። ደረጄ እንደተባለው አለ። ይዞት የመጣውን ፎቶግራፍም ሰጣቸው፤ ተሻገር በወታደር ልብስ ቀጥ ብሎ ቆሞ የተነሣው ነው፣ ከመዳፍ አይበልጥም። እትዬ ወለተማርያም ፎቶውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው እልል አሉ። "ልጄ ተገኘ!" ብለው ለመላው ሕንፃ ዳቦ አደሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስፖንሰር አድርገው ስለሚያመጡበት ሁኔታ እንጂ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ትተው ነበር።

ነገሩን ከሊቅ እስከ ደቂቅ ያውቀዋል። እኔ አላውቅም ነበር።

በዘጠና አምስት የጸደይ መግቢያ ላይ ጁዲ አንድ ሐሳብ ይዛ መጣች። የሰፈሩ ሰው የራሱን ሰው ግድግዳው ላይ ካላየ ጋለሪው የእኔ ነው አይልም አለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ አገሩ ትቶት የመጣውን አንድ በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ ይስጥ፤ ጋለሪው በሰውየው በራሱ ቁመት ልክ አሳድጎ ከወለሉ ጀምሮ ያቆመዋል። ዓይን ለዓይን ይተያያሉ ማለቷ ነው።

ይህን ስተረጉም ምላሴ ተያዘ። እኛ ዘንድ ፎቶ የሚተልቀው ለሁለት ነገር ነው፤ ለሰርግና ለልቅሶ። ለልቅሶ ሲሆን ደግሞ ከፍ ተደርጎ ተይዞ ደረት ይደቃበታል። እትዬ ወለተማርያምም ቅር የሚላቸው መስሎኝ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ።

"በቁመቱ ልክ? ቆሞ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"አጠገቡ ብቆምስ ማንም አይከለክለኝም?"

"ማን ይከለክልዎታል?"

"እንግዲያው ተሻገርን ነው የምሰጣት። ስለየው ደረቴ ጋ ነበር። ቁመቱን አላውቀውም እኮ ዓለሙ፣ የገዛ ልጄን ቁመት አላውቀውም!"

እውነትም ችግሩ እሱ ሆነ። ጁዲ የየሰዉን ቁመት መጠየቅ ስትጀምር ሌላው ሁሉ ተናገረ፤ እኔም የአጎቴን ቁመት ትንሽ ጨምሬ ተናገርኩ። እትዬ ወለተማርያም "ደረጄ ያውቀዋል" አሉና፣ ደረጄን ከሚሠራበት ዌርሃውስ ሲወጣ በር ላይ ጠብቀው እጁን ይዘው አመጡት።

ደረጄ ባዶው ግድግዳ ፊት ቆመ። ጁዲ እርሳስ ይዛ ትጠብቃለች።

"በል አሳየኝ፣ ልጄ" አሉት። "እስከ የት ይደርሳል?"

"እትዬ፣ እኔ ልብ ብዬ አላየሁትም።"

"አብራችሁ ኖራችሁ የለም እንዴ! ካንተ ይረዝማል ያጥራል?"

"ይረዝማል" አለ ደረጄ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"በስንት?"

ደረጄ ቀኝ እጁን አንሥቶ መዳፉን ግድግዳው ላይ፣ ከራሱ ትንሽ ከፍ አድርጎ ለጠፈው። በሌላው እጁ ደግሞ ግድግዳውን ተደገፈ። እኔ ሞኙ ድካም መስሎኝ "ምነው፣ ዛሬ ምሳ አልሰጡህም እንዴ?" ብዬ ቀለድኩበት። ጁዲ ከመዳፉ ሥር በእርሳስ ምልክት አደረገች። እትዬ ወለተማርያም ጫማቸውን አውልቀው ምልክቱ ሥር ገቡና ተለኩ፤ አናታቸው ትከሻው ጋ እንኳ አይደርስም። "ይሄን ያህል! ቁመቱማ የአባቱ ነው!" ብለው ሳቁ። ደረጄን አንገቱን ይዘው ግራና ቀኝ ሳሙት። ደረጄ "ሥራ አለብኝ" ብሎ ወጣ። ከሥራ ወጥቶ መምጣቱን አውቅ ስለነበር የምን ሥራ ነው ብዬ ገረመኝ እንጂ ሌላ አልጠረጠርኩም።

ወሬው አቶ ጥሩነህ ዘንድ ሲደርስ በማግስቱ እትዬ ወለተማርያም ቤት መጡ። እኔ እዚያው ነበርኩ። አቶ ጥሩነህ እኔን ሲያዩ ፊታቸው ትንሽ ጠቆረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ስላልሆነ አልገረመኝም።

"ወለተማርያም፣ እህቴ፣ የልጁን ተይው" አሉ። "የእናትሽ ፎቶ የለሽም?"

"እናቴማ ሞታለች፣ ጋሽ ጥሩነህ። ሴትዮዋ የጠየቀችው በሕይወት ያለ ሰው ነው።"

አቶ ጥሩነህ የያዙትን ስኒ አስቀመጡ። አሁን ሳስበው መናገር የነበረባቸው ያን ጊዜ ነው። አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔን አዩ፤ መልሰው ዘጉት። "በቁመቱ ልክ ሰው ማቆም ሟርት ነው" አሉ በመጨረሻ።

"እናንተ የየራሳችሁን ስትሰጡ ሟርት አልነበረም፤ የእኔ ሲሆን ሟርት ሆነ?"

ከዚያ በኋላ ሰዉ ሁሉ የሰጠውን ፎቶ እየመጣ ይወስድ ጀመር። አንዷ ባሌ ተቆጣኝ ትላለች፣ አንዱ አባቴ አልወደደውም ይላል፣ ሌላው ምክንያትም ሳይሰጥ ይወስዳል። የሞተ ልጅ በቆመበት ግድግዳ ላይ የራሱን ሕያው ሰው ማን ያቆማል? እትዬ ወለተማርያም ግን ይህን በምን ይወቁ? ቅናት ነው አሉ። ከአንዱ በር ወደ ሌላው እየዞሩ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ አለቀሱም። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ይዘውኝ እንዲህ አሉኝ፦

"ምንም አይስጡ፣ ዓለሙ። መጥተው ይዩልኝ ብቻ። ሰርጋቸው ላይ ቆሜያለሁ፣ ልቅሷቸው ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ቀን መጥታችሁ ከልጄ ጋር ቁሙልኝ ማለት ነውር ነው? ካልመጡ ግን ሰው አለኝ ብዬ አልቆጥርም።"

መክፈቻው ግንቦት ውስጥ አንድ እሑድ ከሰዓት ሆነ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጃማይካውያን ሴቶች ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ቬትናሞቹ ከነልጅ ልጆቻቸው፣ ሶማሌዎቹ በሽቶ ታጥበው መጡ። ሁሉም የየራሱ ሰው አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። የእኛ ጥግ ብቻ ባዶ ነው። ሁለት ሰዎች ቆመዋል፣ የእኔ አጎትና ተሻገር። ተሻገር ያምር ነበር። ፎቶው ሲያድግ ትንሹ ላይ ያልታየ ነገር ወጥቶ ነበር፤ የሸሚዙ አንድ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። እትዬ ወለተማርያም ያንን ክር እያዩ "ማን ሰፋለት ይሆን?" ይላሉ።

አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ድፎ ዳቦ ጋግረው መጥተዋል። ዳቦውን ሰው ሳይመጣ አላስቆርስም ብለው በር ላይ ቆሙ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይንደረደራሉ፤ የሚገባው ሌላ ነው። ጁዲ "ሰዎቻችሁ የት ቀሩ?" ትለኛለች፤ "ቅዳሴ ረዝሞ ይሆናል" እላለሁ። ቅዳሴ ካለቀ ቆይቷል፤ ራሴ አስቀድሼ ነው የመጣሁት። የእኛ ጥግ ጭር ማለቱ ሲያስፈራኝ እንደ ልማዴ መለፍለፍ ጀመርኩ። ስለ አውቶቡስ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ አጎቴ ጫማ አወራሁ።

እትዬ ወለተማርያም ከበሩ ተመልሰው አጠገቤ መጡ።

"ዓለሙ፣ ጥሩነህ አትሂድ አላለህም?"

"ምንም አላሉኝ። እሳቸውማ ሰሞኑን እኔ ስገባ ወሬ ያቋርጣሉ።"

"ደረጄስ?"

"እሱማ ስደውልለት ስልኩን ዘጋብኝ። ምን እንዳደረግኩት እንጃ።"

እትዬ ወለተማርያም ትክ ብለው አዩኝ። እንደዚያ ዓይኑን ሳይነቅል ያየኝ ሰው የለም።

"የመጣኸው አንተ ብቻ ነህ" አሉ።

"ይመጣሉ እትዬ፣ ምን ያስቸኩላል።"

"አይመጡም። አንተ የመጣኸው ስላልነገሩህ ነው። አንተ ወሬ አታሳድርም። ነግረውህ ቢሆን የዚያኑ ቀን እኔ ጆሮ ይደርስ ነበር።"

"ምኑን ነው የሚነግሩኝ?" አልኩ። እውነቴን ነው፣ አልገባኝም ነበር።

እትዬ ወለተማርያም ወደ ተሻገር ዞረው እጃቸውን ዘረጉና መዳፋቸውን ደረቱ ላይ፣ በዚያ በተሰፋው ቁልፍ ላይ አሳረፉት። ዘበኛው ከማዶ "ማዳም፣ ፕሊስ፣ ዶንት ተች" አለ። እጃቸውን አላነሡም።

"ሂድና ለጥሩነህ ደውል" አሉኝ። "አወቀች በለው። ሌላ ነገር አትጨምር።"

ከጁዲ ቢሮ ደወልኩ። አቶ ጥሩነህ ራሳቸው አነሡት። "እትዬ ወለተማርያም 'አወቀች በለው' ብለውኛል" አልኩ፤ ምን እንዳወቁ ሳላውቅ። ከስልኩ ማዶ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሁሉም እሳቸው ቤት ተሰብስበው፣ መምጣትም መቅረትም አቅቷቸው ተቀምጠው ኖሯል። አቶ ጥሩነህ "አወቀች" ሲሉ ያ ሁሉ ድምፅ ጸጥ አለ፤ ከዚያ አንዲት ሴት ጮኸች። ያኔ ገባኝ። የጁዲ ቢሮ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ብዙም ሳይቆዩ መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከበሩ ጀምሮ መንገዱን ሞሉት። ጁዲ በመስታወቱ አይታ ፊቷ በደስታ ቀላ፤ "መጡ! መጡልን!" እያለች ክንዴን ጨበጠችኝ። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልነበረም። በአጭሩ ነገርኳት። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ከግድግዳው ጋር ተጣበቀች።

አቶ ጥሩነህ ቀድመው ገብተው ክንዳቸውን ዘረጉ። እትዬ ወለተማርያም ክንዳቸውን ገፉት።

"መቼ ነው?"

"አምስት ዓመት ሆነው። እዚያው ግንባር ላይ ነው።"

"እናንተ ያወቃችሁትስ?"

"ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፣ እህቴ። አንቺን ላለመጉዳት ብለን ..."

"የቤዚ ሰርግ ላይ ታውቁ ነበር?"

አቶ ጥሩነህ ራሳቸውን ደፉ።

"ታውቁ ነበር። ልጄ አፈር ለብሶ እኔ ሰርግ ቤት እስክስታ ስወርድ ታውቁ ነበር። ክብ ሠርታችሁ አጨበጨባችሁልኝ እኮ! ግንባሬ ላይ ብር ለጠፋችሁልኝ!"

ከዚያ ደረታቸውን እየደቁ ወደ ተሻገር ዞሩ። ሴቶቹ ደርሰው ሲይዟቸው ያ ዝም ያለ የፈረንጅ አዳራሽ በሙሾ ተናጋ። ጃማይካውያኑ ሴቶች የማን ልቅሶ እንደሆነ ሳያውቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከእኛዎቹ ጋር ቆሙ። ደረጄ ፎቶው እግር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ "እኔ ነኝ የዋሸሁሽ፣ እማዬ" እያለ ይጮኽ ነበር። ዘበኛው የአዳራሹን በር ዘግቶ ወደ ውጭ ወጣ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ልቅሶ ለመቀመጥ ወደ እትዬ ወለተማርያም ቤት ሲሄዱ በሩ ተቆልፏል። እሳቸው ጥቁር ለብሰው ጋለሪው ሲከፈት ገብተው ከተሻገር አጠገብ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። "የሚያስተዛዝነኝ ካለ ልጄ ያለው እዚህ ነው" አሉ። ኤግዚቢሽኑ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቁም። ሆቴሉም ሥራቸውን ለሌላ ሰጠው። አስተዛዛኙም ሁሉ ወደዚያው ጎረፈ። ከጄን ኤንድ ፊንች፣ ከስካርቦሮ፣ ከኦታዋ ሳይቀር፣ ጋለሪ የሚባል ነገር በሩን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች መጡ። ጁዲ ወንበር ጨመረች፣ ውሃ አቀረበች፣ ሰዓቱ ካለፈም በኋላ በሩን አትዘጋባቸውም ነበር። አለቆቿ የገባውን ሰው ብዛት ሰምተው "እንዲህ ነው ሥራ!" ብለው አመሰገኗት። ያንን ስትነግረኝ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሕዝብ ይግባልን ሲሉ ኖረው ሕዝቡ ከነለቅሶው ገባላቸው፤ እነሱ ምን ያውቃሉ።

አቶ ጥሩነህ በየቀኑ መጡ። እትዬ ወለተማርያም ሰላምታቸውን አይመልሱም። ስለዚህ በሩ አጠገብ ካለው የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠው ውለው ይሄዳሉ። እኚያ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰውዬ በዚያ ሰሞን አረጁ። በልቤ "ይበላቸው" እላለሁ፤ ደግሞ ሳያቸው አንጀቴን ይበሉኛል። ሰውን ለማዳን ብለው ያደረጉት ነገር ሰው አልባ አደረጋቸው።

በመጨረሻው ቀን ሠራተኞቹ ፎቶዎቹን ማውረድ ጀመሩ። ጁዲ የተሻገርን ለእናቱ አስፈቅዳለች። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ከባድ ነው። ሠራተኛው ወለሉ ላይ አጋድሞ በላስቲክ ሊጠቀልለው ሲጀምር እትዬ ወለተማርያም ተነሡ።

"በላስቲክ? ልጄን?"

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ፊቱ ላይ አለበሱት። ነጠላው እስከ ወገቡ ብቻ ደረሰ። አንዲት ሴት የራሷን አወረደች፣ ሌላዋም ተከተለች፤ እስከ ጫማው ድረስ ሸፈኑት። ደረጄ በራስጌ ያዘ። እኔና ሠራተኛው በግራና በቀኝ ያዝን። አልተነሣልንም፤ ከግርጌ የሚይዝ ሰው ጎደለ። ብዙ ወንዶች ቆመው ነበር፣ ማንም ሳይጠራ አልተንቀሳቀሰም። እትዬ ወለተማርያም ቀና ብለው ወደ በሩ አዩ።

"ጋሽ ጥሩነህ" አሉ። "እርስዎ በእግሩ በኩል ይያዙ።"

አቶ ጥሩነህ ወንበራቸውን እስኪገለብጡ ድረስ ፈጥነው ተነሡና መጡ። አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ወለተማርያም "ይያዙ ብቻ" አሏቸው። ጎንበስ ብለው ያዙ። ጁዲ በሩን ከፈተችልን፤ ሴቶቹ ከኋላ ተከተሉን። ደረጃውን ስንወርድ አቶ ጥሩነህ የያዝነው ፎቶ መሆኑን ረስተው፣ እንባቸው እየወረደ፣ "ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ቀስ በሉ፣ ራሱን እንዳትመቱት" ይሉን ነበር።